በተወለዳችሁበት ዓመት የታተሙ የልጆች መጻሕፍትን ፈልጎ ማግኘትና ማቆየት

«በተወለድኩበት ዓመት የታተመ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ከየት ላግኝ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አንዱ ለእናቱ ልደት ስጦታ ይፈልጋል። ሌላዋ ለልጇ «እኔ ስወለድ ልጆች የሚያነቡት ይህን ነበር» ብላ ማሳየት ትፈልጋለች። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ስለሆነ እዚህ ላይ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከባዱ ነገር መጽሐፉን ማግኘት አይደለም። ከባዱ በእርግጥ በዚያ ዓመት የታተመ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ስለዚህ ሌላውን እየዘለላችሁ ብታነቡም ደረጃ 1ን እና ደረጃ 5ን አትዝለሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሜራው ጥሩ የሆነ ስልክ
- ትንሽ አጉሊ መነጽር
- ደብተርና እርሳስ (እስክሪብቶ ከመጽሐፉ አጠገብ አይድረስ)
- ለስላሳ የቀለም ብሩሽና ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ
- ነጭ ለስላሳ ላጲስ
- የአፍ መሸፈኛ ማስክ
- ካኪ ፖስታዎችና ክዳን ያለው ጠንካራ ካርቶን
- አየር የማያስገባ ላስቲክ ከረጢት

ደረጃ 1፦ ዓመታችሁን ቁረጡ

የትኛውን ዓመት ነው የምትፈልጉት? የኛን ወይስ የፈረንጁን? ይህን ሳይወስን ገበያ የወጣ ሰው የተሳሳተ መጽሐፍ ይዞ ይመለሳል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰው በኛ ዓመት ላይ 7 ይደምራል። ከታኅሣሥ 23 ገደማ እስከ ጳጉሜን የተወለደ ደግሞ 8 ይደምራል። ኅዳር 1976 የተወለደ ሰው በፈረንጅ 1983 ነው። ሚያዝያ 1976 የተወለደ ግን 1984 ነው። ሁለቱም የ1976 ልጆች ናቸው፤ በፈረንጅ ግን ዓመታቸው ይለያያል።

ውጭ አገር የምትኖሩ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ፓስፖርታችሁ 1983 ስላለ ዝም ብላችሁ 8 አትቀንሱ። የተወለዳችሁት መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ወይም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ የምትቀንሱት 7 ነው። ወሩን ካላወቃችሁ እናታችሁን ወይም አክስታችሁን ጠይቁ። «መስቀል ሰሞን ነው»፣ «ፋሲካ ሊገባ ሲል ነው» የሚል መልስ ይበቃችኋል።

አገር ውስጥ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱን በኛ አቆጣጠር ስለሚጽፍ የኛን ዓመት ዋና አድርጋችሁ ያዙ። የፈረንጁን በደብተራችሁ ጥግ ጻፉት፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ምን ምን እንደሚቆጠር ወስኑ

በአማርኛ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚታተሙ የልጆች ተረት መጻሕፍት ብዙ አይደሉም። «ተረት ብቻ» ካላችሁ ባዶ እጃችሁን ልትቀሩ ትችላላችሁ። ስለዚህ በሩን ሰፋ አድርጉት፦ የተረትና የእንቆቅልሽ መጻሕፍት፣ የፊደል ገበታ፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ መማሪያ መጻሕፍት፣ ለልጆች የተተረጎሙ ታሪኮች፣ የሥዕል መጻሕፍት።

መማሪያ መጻሕፍትን አትናቁ። በብዛት ስለታተሙ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ሥዕሎቻቸውም የዘመኑን ልብስ፣ ቤትና ዕቃ ያሳያሉ። ደግሞም መማሪያ መጽሐፍ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲወርድ የኖረ ነው። በተወለዳችሁበት ዓመት የታተመው ቆይቶ እናንተም እጅ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ዳግም እትምን በተመለከተ ደንባችሁን አሁኑኑ አውጡ። የእኔ ደንብ ይህ ነው፦ ወረቀቱ በዚያ ዓመት ከማተሚያ ቤት ከወጣ ይቆጠራል፤ ሁለተኛ እትም ከሆነ «2ኛ እትም» ብዬ እመዘግበዋለሁ። በዚያ ዓመት ተጽፎ ኋላ የታተመ ግን አይቆጠርም።

ደረጃ 3፦ ስም ዝርዝር ይዛችሁ ውጡ

ሻጭ ፊት ቆሞ «የ1976 የልጆች መጽሐፍ አለህ?» ማለት ብዙም አይጠቅምም። ሻጩ መጽሐፉን የሚያውቀው በርእሱ እንጂ በዓመቱ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ርእሶችን ሰብስቡ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ወመዘክር ሂዱ። አሳታሚዎች ካሳተሙት ላይ ቅጂ የሚያስገቡበት ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም የአማርኛ ሕትመቶችን በብዛት ይዟል። ውጭ ያላችሁ ወርልድካት በተባለው የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ ቋንቋውን አማርኛ ብላችሁ በዓመት ፈልጉ። እዚያ ያለው ዓመት ብዙ ጊዜ ወደ ፈረንጅ የተቀየረ ነው። ወሩ ስለማይታወቅ «1983 ወይም 1984» ተብሎ የተመዘገበም ታገኛላችሁ። የሁለቱንም ዓመት ዝርዝር ውሰዱ።

አሥር ርእስ ካገኛችሁ ለመነሻ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ መፈለጊያ ቦታዎች

ከቤት ጀምሩ። የአያት ሳጥን ሥር፣ ከቁም ሳጥን ላይ፣ ፌስታል ውስጥ ታስሮ የተቀመጠ ወረቀት ሁሉ ይታይ። ቀጥሎ ጡረታ የወጡ መምህራንን ጠይቁ። እነሱን የሚያህል ምንጭ አላገኘሁም። መምህር መጽሐፍ አይጥልም፤ ሲያስቀምጥም በክፍልና በትምህርት ዓይነት ለይቶ ነው።

ከዚያ ወደ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች። አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ቲያትር አካባቢ፣ በለገሃር፣ በአራት ኪሎና በመርካቶ ጠይቁ። ቦታው ይቀያየራል። ዛሬ ያያችሁትን ሻጭ በሚቀጥለው ወር እዚያው ላታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ ስልኩን ያዙ። የርእስ ዝርዝራችሁን በቴሌግራም ላኩለትና «ሲገባ ደውልልኝ» በሉት። ሥራው በሙሉ ማለት ይቻላል በዚህ ነው የሚሠራው።

ቁራሌውንና ልዋጩንም አትርሱ። አሮጌ ደብተርና መጽሐፍ በኪሎ ይገዛሉ። ያ ወረቀት ወደ ሱቅ ሄዶ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል። ብዙ የልጆች መጽሐፍ ያለቀው እንዲህ ነው። የሰፈራችሁን ቁራሌ «ሥዕል ያለው የልጅ መጽሐፍ ስታገኝ ሳትሸጠው አሳየኝ» ብላችሁ ንገሩት፤ ከኪሎው ዋጋ በላይ እንደምትከፍሉም አሳውቁት።

በቴሌግራም የምትገዙ ከሆነ ብር ከመላካችሁ በፊት ስድስት ፎቶ ጠይቁ፦ የፊት ሽፋን፣ የጀርባ ሽፋን፣ የርእስ ገጽ፣ ከርእስ ገጹ ጀርባ ያለው ገጽ፣ የመሐል ገጽ፣ የመጨረሻ ገጽ። ሽፋኑን ብቻ የሚልክ ሻጭ ዓመቱን አላየውም ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የቤተ መጻሕፍት ወይም የትምህርት ቤት ማኅተም ያለበትን መጽሐፍ ከየት እንደመጣ ሳታጣሩ አትግዙ። ተወግዶ የተሸጠ ሊሆን ይችላል፤ የተሰረቀም ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬ ካላችሁ ተዉት።

ደረጃ 5፦ ዓመቱን አጣሩ

መጽሐፉ እጃችሁ ገባ። አሁን ቀስ በሉ።

ሀ. ዓመቱ የተጻፈበትን ቦታ ፈልጉ። መጀመሪያ ከርእስ ገጹ ጀርባ እዩ። ከሌለ ከርእስ ገጹ ግርጌ፣ ከዚያም ከጀርባ ሽፋኑ ግርጌ እዩ። «ብርሃንና ሰላም»፣ «አርቲስቲክ»፣ «ንግድ ማተሚያ ቤት» የሚለው ስም ባለበት ዙሪያ ዓመቱ አብሮ ይገኛል። አንዳንዱ መጽሐፍ ወሩንም ይጽፋል። የተወለዳችሁበት ወር ሆኖ ካገኛችሁት ደስታው ሌላ ነው።

ለ. የግእዝ ቁጥር ከሆነ ከፋፍላችሁ አንብቡ። ፲፱፻፶፱ ማለት ፲፱ (19) መቶ፣ ፶ (50)፣ ፱ (9) ነው፤ ማለትም 1959። አሥር ቤቶቹን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ያዙ፦ ፲ 10፣ ፳ 20፣ ፴ 30፣ ፵ 40፣ ፶ 50፣ ፷ 60፣ ፸ 70፣ ፹ 80፣ ፺ 90። ቀለሙ በደበዘዘ ገጽ ላይ የአሥር ቤቱ ቁጥር በቀላሉ ይምታታል፤ ያም አሥር ዓመት ያሳስታችኋል። አጉሊ መነጽሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አሁንም ካልተለየ ወደ «መ» ሂዱ።

ሐ. የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እዩ። «ዓ.ም.» ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የኛ ነው። «እ.ኤ.አ.» ካለ የፈረንጅ ነው። ምንም ምልክት ከሌለ የታተመበትን አገር እዩ። በደርግ ዘመን ሞስኮ ውስጥ እነ ፕሮግረስ አሳታሚ ድርጅት በአማርኛ እያተሙ የላኳቸው መጻሕፍት ዓመታቸው የፈረንጅ ነው። ስለዚህ ሞስኮ የታተመና «1983» የሚል መጽሐፍ ካያችሁ የኛው 1975 ወይም 1976 ነው። በ1983 ዓ.ም. ለተወለደ ሰው አይሆንም። እኔ ራሴ በ1983 ለተወለደች እህቴ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ገዝቼ፣ ጠቅልዬ ሰጥቼአት፣ አብረን ስንገልጠው ነው ያየሁት። አንጀቴን በልቶኛል።

መ. ዓመቱ ጨርሶ ከሌለ በዙሪያው ባሉ ምልክቶች ወሰን አብጁ። መማሪያ መጻሕፍት ላይ የመንግሥቱ ስም ትልቅ ፍንጭ ነው።

- የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ወይም «የትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር» የሚል ካለ ከ1967 በፊት ነው።
- «ኅብረተሰብአዊት ኢትዮጵያ» እና «ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት» ካለ ከ1967 እስከ 1979 ነው።
- «የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ካለ ከ1980 እስከ 1983 ነው።
- «የኢትዮጵያ የሽግግር መንግሥት» ካለ ከ1983 እስከ 1987 ነው።
- «ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ካለ ከነሐሴ 1987 ወዲህ ነው።

ስልክ ቁጥርም ይናገራል። የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ በ6 አኃዝ ከተጻፈ ሕትመቱ ቁጥሩ ከመቀየሩ፣ ማለትም ከ1998 በፊት የተዘጋጀ ነው። በ09 የሚጀምር ሞባይል ካለ ከ1991 ወዲህ ነው። ባለ 13 አኃዝ አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. (ለመጻሕፍት የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ካለ ደግሞ ሥራ ላይ የዋለው በ2007 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከ1999 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ነው። የኢትዮጵያ መለያ 99944 ነው፤ ከ978 ቀጥሎ ታገኙታላችሁ።

እነዚህ ምልክቶች ወሰን ብቻ ነው የሚሰጧችሁ። «ከ1980 እስከ 1983» ያላችሁትን መጽሐፍ «የ1981 ነው» ብላችሁ አትመዝግቡ። ርእሱን ይዛችሁ ወደ ወመዘክር ተመለሱና ዓመት ያለበት ቅጂ ካለ አስተያዩ።

በዚህ ደረጃ የሚሠሩ ስሕተቶች

- የመቅድሙን ቀን የሕትመት ዓመት ማድረግ። መቅድም ሥር ያለው ቀን ደራሲው የጻፈበት ነው። ከዚያ እስኪታተም ዓመት ሊያልፍ ይችላል።
- በእስክሪብቶ የተጻፈን ቀን ማመን። «ለውድ ልጄ፣ መስከረም 1977» የሚል ጽሑፍ መጽሐፉ በዚያን ቀን እንደነበረ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ቀድሞ ታትሞ ሊሆን ይችላል።
- የመጀመሪያውን እትም ዓመት አይቶ ቀጣዩን መስመር አለማንበብ። «1ኛ እትም 1968» ከሚለው ሥር «3ኛ እትም 1979» የሚል ካለ እጃችሁ ላይ ያለው የ1979 ነው።

ደረጃ 6፦ ገጹን ቁጠሩ

የልጆች መጽሐፍ በልጅ እጅ የኖረ ነው። ገጽ ይጎድለዋል። አብዛኞቹ መሐላቸው ላይ በሽቦ የተሰፉ ቀጫጭን መጻሕፍት ስለሆኑ መመርመር ቀላል ነው።

ሽቦው የሚታይበትን የመሐል ገጽ ግለጡ። ከዚያ ወደ ግራ ያሉትን ቅጠሎች ቁጠሩ፤ ወደ ቀኝ ያሉትንም ቁጠሩ። እኩል መሆን አለባቸው። በግራ 8፣ በቀኝ 7 ካገኛችሁ አንድ ቅጠል ተቀድዷል። በሁለቱም በኩል እኩል ሆኖ የገጽ ቁጥሩ ከዘለለ ደግሞ አንድ ሙሉ ወረቀት ከሽቦው ወጥቷል። ምክንያቱም እያንዳንዱ ወረቀት ታጥፎ 2 ቅጠል፣ ማለትም 4 ገጽ ይሆናል። በጣም የሚጠፋው ራሱ የመሐሉ ወረቀት ነው። ሽቦው ሲዝግ ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው።

ሽፋኑ እውነተኛው መሆኑንም እዩ። ድሮ መጽሐፍ የሚያከራዩ ሰዎች ሽፋኑን በካርቶን ይተኩት ነበር። የመጀመሪያው ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ዋጋው ይወርዳል እንጂ አይጣልም። ዓመቱ የተረጋገጠ ከሆነ እኔ እገዛዋለሁ።

ደረጃ 7፦ ዋጋ

ቁርጥ ያለ ዋጋ የለም። ጀርባው ላይ «ዋጋ ብር 1.50» የሚለውን አይታችሁ አትከራከሩ። «የተወለድኩበት ዓመት ነው!» ብላችሁም አትጩኹ፤ ዋጋው ወዲያው ይወጣል። ሌሎች መጻሕፍት አብራችሁ አንሡና በአንድ ላይ ተደራደሩ።

ደረጃ 8፦ ወደ መደርደሪያ ከመግባቱ በፊት

አዲስ የገባ መጽሐፍ ከሌሎቹ ተለይቶ ይቆይ። ብልና የበረሮ እንቁላል ይዞ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ሁሉንም ያበላሻል።

ነፍሳት ካያችሁ መርጨት አያስፈልግም። ደረቅ መጽሐፉን በላስቲክ ከረጢት ከታችሁ አየሩን አስወጡና በደንብ እሰሩት። ከዚያ -18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። በመሐል መብራት ጠፍቶ በረዶው ከቀለጠ ቆጠራውን ከዜሮ ጀምሩ። ስታወጡት ከረጢቱን ለ24 ሰዓት አትክፈቱ። ቶሎ ከተከፈተ ጤዛ ወረቀቱ ላይ ያርፋል።

ሻጋታ ካለው ማስክ አድርጉ። መጀመሪያ ጥላ ሥር ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ቀለሙን ይበላዋል። ሲደርቅ ከቤት ውጭ በብሩሽ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። እርጥብ ሻጋታ ከጠረጋችሁ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል።

ለአቧራ ደረቁ ጨርቅ ይበቃል። የእርሳስ ጭረት በላጲስ ይነሣል፤ ከመሐል ወደ ጠርዝ ብቻ፣ በአንድ አቅጣጫ። ወዲያና ወዲህ ከፈተጋችሁት ገጹ ይታጠፍና ይቀደዳል።

ማስጠንቀቂያ፦

- ስኮች አትለጥፉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢጫ ሆኖ ሙጫው ፊደሉን ይዞ ይነሣል።
- ላሚኔት አታስደርጉ። ወደ ኋላ መመለስ የለውም።
- ጠራዥ ጋር አትውሰዱት። ጠራዥ ሦስቱን ጠርዝ በማሽን ይቆርጣል፣ ሽፋኑንም በካርቶን ይለብጠዋል። ለሥራ መጽሐፍ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን ጥፋት ነው።
- ናፍታሌን ከመጽሐፍ ጋር አታስቀምጡ። ሽታው አይለቅም፣ ትነቱም በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው።

የተቀደደ ገጽ ካለ ሳትጠግኑት ካኪ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡት። አለመንካት ከመጥፎ ጥገና ይሻላል።

ደረጃ 9፦ አቀማመጥ

ቀጫጭኑን አስተኝታችሁ፣ ትልቁን ከታች አድርጋችሁ፣ እያንዳንዱን በየፖስታው ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ። ካርቶኑ መሬት አይንካ፣ ከውጭው ግድግዳም ራቅ ይበል። ክረምት ላይ እርጥበት የሚገባው በዚያ በኩል ነው፤ ምስጥም እንዲሁ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን ትንንሽ ሲሊካ ጄል ከረጢቶች አጠራቅሙና ጥግ ላይ አድርጉ፤ ልጆች ግን እንዳያገኟቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም በወር አንድ ጊዜ ክፈቱና እዩ።

ወደ ውጭ የምትልኩ ከሆነ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሐል አድርጋችሁ በላስቲክ ጠቅልሉት። ከታተሙት መጻሕፍት መሐል የብራና መጽሐፍ ከተገኘ ግን አትላኩ። የብራና መጽሐፍ ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ደረጃ 10፦ መዝግቡ

ለእያንዳንዱ መጽሐፍ በደብተር አንድ ገጽ ስጡት፦ ርእስ፣ ደራሲ፣ ሠዓሊ፣ አሳታሚ፣ ማተሚያ ቤት፣ ዓመቱ በመጽሐፉ ላይ እንደተጻፈ፣ እትም፣ የገጽ ብዛት፣ ጉድለት፣ ከየትና በስንት እንደተገዛ። ዓመቱን በምን እንዳረጋገጣችሁም ጻፉ። የሠዓሊውን ስም ብዙ ሰው ይዘላል። ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ ኋላ ለመለየት የሚረዳችሁ አንዳንዴ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ባለቤት ስም ካለበት በላጲስ አታጥፉት። እኔ ዘንድ ያለ አንድ የሁለተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ አለ። በውስጥ ሽፋኑ ላይ አንዲት ልጅ ስሟን ሦስት ጊዜ ጽፋለች። በመጀመሪያው አንድ ፊደል ገድፋለች፣ በሁለተኛው ሰርዛ አስተካክላለች፣ በሦስተኛው ፊደሎቹን አጋድማ፣ አሳምራ ጽፋዋለች። ከሥሩ «ያገኘ ይመልስልኝ» ይላል። ስሟን፣ ክፍሏንና ይህን ቃል እንዳለ በደብተሬ ገልብጬዋለሁ። እናንተም እንዲህ ያለ ስታገኙ ፎቶ አንሡትና ከመዝገቡ ጋር አያይዙት።